ሙስታንግ፦ ስንቁን ይዞ የዘመተ ተዋጊ

ኦክቶበር 14 ቀን 1943 ከእንግሊዝ የተነሱ የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የጀርመንን ድንበር ሊሻገሩ አኸን ከተማ አካባቢ ደረሱ። የሚሄዱት ሽቫይንፉርት ወደተባለችው ከተማ ነው። ሽቫይንፉርት የኩሽኔታ ፋብሪካዎች መናኸሪያ ነበረች፤ ኩሽኔታ ከሌለ ደግሞ የታንኩም፣ የመኪናውም፣ የአውሮፕላኑም ሞተር አይሽከረከርም። እስከ ድንበሩ ያጀቧቸው ፒ-47 ተዋጊዎች ነዳጃቸው የሚያደርሳቸው እስከዚያ ብቻ ስለነበር ዞረው ተመለሱ። የጀርመን ተዋጊዎች ሲጠብቁ የነበሩትም ይህችኑ ሰዓት ነው። አጃቢው ዞር እንዳለ ከየአቅጣጫው ወረዱባቸው። ማታ ሲቆጠር ከተላኩት 291 ቦምብ ጣዮች 60ው የሉም። በአንድ ቢ-17 አሥር ሰው ይሳፈራል። ስድስት መቶ ያህል ወጣት በዚያ ምሽት ወደ ሰፈሩ አልተመለሰም ማለት ነው።

ፒ-47ዎቹ የተመለሱት ፈርተው አይደለም። ጥይት አላነሳቸውም፣ ፍጥነትም አላጡም። ያነሳቸው ስንቅ ነው። ስለ ተዋጊ አውሮፕላን ስናወራ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ፍጥነቱና መትረየሱ ነው። ለአገር የሚተርፈው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ውጊያው ካለበት ቦታ ይደርሳል? ደርሶስ ስንት ሰዓት ይቆያል? ፒ-51 ሙስታንግ የተባለው አውሮፕላን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የተነሳው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ስለሆነ ነው። መልሱ ደግሞ በአንድ ጀምበር፣ በአንድ ሰው እጅ አልተገኘም። እንዴት እንደተገኘ ደረጃ በደረጃ እንመልከት። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ102 ቀን የቆመ አካል

በ1940 መጀመሪያ ብሪታንያ ከፊቷ የተደቀነውን ጦርነት የሚችል በቂ አውሮፕላን አልነበራትም። የግዢ ልዑካኗ ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ወደተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሄዱና የሌላ ኩባንያ ሥራ የሆነውን ከርቲስ ፒ-40 ተዋጊ እንዲያመርትላቸው ጠየቁ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ኪንደልበርገር የሌላውን ከመገልበጥ ይልቅ ከዚያ የሚሻል አዲስ አውሮፕላን በዚያው ሞተር እንሠራላችኋለን አለ። ኩባንያው በወቅቱ በማሠልጠኛ አውሮፕላን እንጂ በተዋጊ አይታወቅም ነበር።

የንድፉ ኃላፊ ኤድጋር ሽሙድ ይባላል። ጀርመን ተወልዶ፣ ብራዚል ቆይቶ፣ ከዚያ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ሽሙድና ባልደረቦቹ ውሉ ከተፈረመ በ102 ቀን የመጀመሪያውን አውሮፕላን ከፋብሪካው በር አወጡት። ሞተሩ ገና አልደረሰም ነበር፤ ጎማውም ከማሠልጠኛ አውሮፕላን የተዋሱት ነው። ኦክቶበር 26 ቀን 1940 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ወር ሳይሞላው፣ ኖቬምበር 20 ቀን፣ በሙከራ በረራ ላይ ነዳጅ ለሞተሩ ሳይደርስ ቀረና ሞተሩ ጠፋ። አብራሪው በታረሰ ማሳ ላይ ለማረፍ ሲሞክር አውሮፕላኑ በጀርባው ተገለበጠ። አብራሪው ተረፈ። ኋላ በነዳጅ አያያዙ ስመ ጥር የሆነው አውሮፕላን መጀመሪያ የወደቀው በነዳጅ ምክንያት ነው።

የዚህን አካል ጥሩነት ለመረዳት ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛው ክንፉ ነው። በተለመደው ክንፍ ወፍራሙ ቦታ ወደ ፊተኛው ጠርዝ የቀረበ ነው። በሙስታንግ ግን ወፍራሙ ቦታ ወደ ክንፉ መሐል ተስቧል። አየሩ በክንፉ ላይ ሲያልፍ ሳይታወክ፣ ሳይበጣበጥ ረዘም ያለ መንገድ እንዲሄድ ታስቦ ነው። የተበጣበጠ አየር አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ጉተታ ሲቀንስ በያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ብዙ ኪሎ ሜትር ይኬዳል።

ሁለተኛው ሆዱ ሥር ያለው የአየር መሳቢያ ነው። ሞተሩ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ እንደ መኪና ራዲያተር ያስፈልገዋል። ራዲያተር አየር ስለሚያግድ ፍጥነት ይበላል። በሙስታንግ ግን ቀዝቃዛው አየር በፊት ገብቶ ራዲያተሩን ሲነካ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ያብጣል፤ ያበጠው አየር በጠባቡ የኋላ በር እየተገፋ ሲወጣ አውሮፕላኑን በመጠኑ ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ ራዲያተሩ የሚያስከትለው ጉተታ አብዛኛው በዚህ ግፊት ይካሳል።

ዳገት ላይ የሚያለከልክ ሞተር

አካሉ እንዲህ ሆኖ ሳለ ልቡ ደካማ ነበር፤ በተለይ ከፍታ ላይ። አሊሰን የተባለው አሜሪካ ሠራሽ ሞተር እስከ 4,500 ሜትር አካባቢ ጥሩ ይሠራል። ከዚያ በላይ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ምክንያቱን የደጋ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ከቆላ የመጣ እንግዳ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ የሚያለከልከው እግሩ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ሞተርም ነዳጁን የሚያነደው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ እሳቱ ይደክማል።

የብሪታንያ አየር ኃይል ስለዚህ ሙስታንግን ከምድር ብዙ ሳይርቅ ለቅኝትና ለምድር ጥቃት አሰማራው። በኦገስት 1942 በፈረንሳይ ዲየፕ ከተማ ላይ በተደረገው ወረራ ተካፈለ፤ እዚያም ሆሊስ ሂልስ የተባለ በካናዳ አየር ኃይል የሚያገለግል አሜሪካዊ የሙስታንግን የመጀመሪያ የአየር ድል አገኘ። ቦምብ ጣዮቹ የሚሄዱበት ከፍታ ግን ከ7,000 ሜትር በላይ ነበር፤ እዚያ ላይ ይህ አውሮፕላን ለጊዜው ሊረዳቸው አይችልም።

ወናፍ በወናፍ ላይ

ኤፕሪል 30 ቀን 1942 ሮናልድ ሃርከር የተባለ የሮልስ ሮይስ የሙከራ አብራሪ በዳክስፎርድ አየር ማረፊያ ሙስታንግን አበረረው። አውሮፕላኑ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ያሳየው ፍጥነት አስገረመው። ሃርከር በሥራው የሮልስ ሮይስን ሜርሊን 61 ሞተር ያውቃል። ሁለቱ ቢገናኙስ? የሚል ሐሳብ ለአለቆቹ አቀረበ። ሐሳቡን የሚቀበሉ ሰዎች ስላገኘ ኦክቶበር 13 ቀን 1942 ሜርሊን የተገጠመለት ሙስታንግ በእንግሊዝ በረረ። አሜሪካኖቹ የራሳቸውን በኖቬምበር መጨረሻ አበረሩ።

ሜርሊን 61 ምን ነበረው? የአንጥረኛን ወናፍ አስቡ። ፍሙ እንዲግል አንጥረኛው በወናፍ አየር ይገፋበታል። የአውሮፕላን ሞተርም ሱፐርቻርጀር የሚባል ወናፍ አለው፤ ስሱን አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። የአሊሰኑ ወናፍ አንድ ነበር። የሜርሊን 61 ግን ሁለት ነው፤ አንደኛው የጨመቀውን ሁለተኛው ተቀብሎ እንደገና ይጨምቀዋል። በዚያ ላይ ሁለት ማርሽ አለው፤ ዝቅ ሲል ቀስ ብሎ፣ ከፍ ሲል በፍጥነት ይሽከረከራል።

አንድ ችግር ነበር። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው ያውቀዋል፤ አየር ሲጨመቅ መንፊያው ይሞቃል። ሁለት ጊዜ የተጨመቀ አየር ደግሞ በጣም ይሞቃል፤ የጋለ አየር ከነዳጅ ጋር ሲገናኝ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳና ሞተሩን ይጎዳል። ስለዚህ በወናፉና በሞተሩ መካከል አየሩን የሚያቀዘቅዝ ክፍል ተጨመረ። ውጤቱ የሚታይ ነበር፦ የአውሮፕላኑ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት ከ620 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ አደገ፤ ያውም ቦምብ ጣዮቹ ከሚሄዱበትም ከፍ ባለ ሰማይ ላይ። ሮልስ ሮይስ ብቻውን ለሁሉም ማዳረስ ስለማይችል ፓካርድ የተባለው የዲትሮይት የመኪና ኩባንያ በፈቃድ ሜርሊንን በብዛት አመረተ። የአሜሪካ አካልና የእንግሊዝ ልብ ተገጣጠሙ።

ስንቁ የት ተቋጠረ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የእንግሊዙ ስፒትፋየር ማርክ 9 ከዚሁ ከሜርሊን ቤተሰብ የሆነ ሞተር ነበረው። በውስጡ የሚይዘው ነዳጅ ግን 386 ሊትር ገደማ ነው። የተሠራው በገዛ አገሩ ሰማይ ላይ ጠላትን ለመቀበል ስለሆነ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ሙስታንግ በሁለቱ ክንፎቹ ውስጥ ብቻ 348 ሊትር፣ 348 ሊትር ይይዛል። በዚህ ላይ ከአብራሪው ወንበር ጀርባ 322 ሊትር የሚይዝ ሌላ ታንክ ተጨመረ። ጠቅላላው ከአንድ ሺህ ሊትር ያልፋል። ልብ በሉ፤ ልባቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያዩት በስንቅና በጉተታ ነው።

ሦስተኛው ስንቅ ከክንፉ ሥር እንደ አገልግል የተንጠለጠለው ተጣይ ታንክ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከተሠሩት አንዱ ዓይነት ብረት አልነበረም፤ በማጣበቂያ የተነከረና የተጨመቀ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ 409 ሊትር ያህል ይይዛል። ወረቀቱ ነዳጁን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚችል የሚሞላው ከበረራው በፊት ነው። ነዳጁ ካለቀ ወይም ጠላት ከመጣ ይጣላል፤ ወድቆ ቢገኝም ለጠላት የሚጠቅም ብረት የለውም። ጀርመን ድረስ የሄደው አጀብ ከፊሉን መንገድ በወረቀት ስንቅ ሄደ።

ስንቅ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በሥርዓት መብላት ሌላ ነው። አብራሪው ሲነሳ በግራ ክንፍ ታንክ ይነሳል፤ ምክንያቱም ከሞተሩ የሚመለሰው ትርፍ ነዳጅ የሚገባው ወደዚያ ታንክ ነው፤ ቦታ ሊለቀቅለት ይገባል። ከዚያ ከእግሮቹ መካከል ወለሉ ላይ ያለውን መቀየሪያ ወደ ጀርባው ታንክ ያዞራል። ይህ ታንክ ሙሉ ሲሆን የአውሮፕላኑ ክብደት ወደ ኋላ ያጋድላል። ጭነቱ ወደ ኋላ የሸሸበት አህያ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ይረዳዋል፤ እርምጃው ይከዳዋል። እንዲህ ያለ አውሮፕላን በድንገት ቢጠመዘዝ ከአብራሪው እጅ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ከጀርባው ታንክ ውስጥ መቶ ሊትር ያህል እስኪቀር ድረስ መጀመሪያ እሱ ይነዳል። ቀጥሎ ከክንፍ ሥር ያሉት ተጣዮች በየተራ ይጠጣሉ። ጠላት ሲታይ ሁለቱም ይጣላሉ። ያን ጊዜ በክንፎቹ ውስጥ ያለው ነዳጅ ለውጊያውና ለመመለሻ ይተርፋል። ወደ በርሊን የሄደ አብራሪ ለስድስት ሰዓት ያህል በጠባቡ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በብርዱ ውስጥ፣ ይህን ቅደም ተከተል ሳይሳሳት መጠበቅ ነበረበት። አንድ መቀየሪያ መርሳት በጠላት መመታት ያህል ሊገድል ይችል ነበር።

ወደ በርሊን

ሜርሊን የተገጠመለት ፒ-51ቢ በእንግሊዝ ለ354ኛው ተዋጊ ግሩፕ ተሰጠ። የመጀመሪያ ግዳጁን በዲሴምበር 1943 ፈጸመ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1944 የዚሁ ግሩፕ አብራሪ ጄምስ ሃዋርድ በጀርመን ኦሸርስሌበን ከተማ አቅራቢያ ከጓዶቹ ተነጥሎ ሳለ ሠላሳ ያህል የጀርመን ተዋጊዎች ቦምብ ጣዮቹን ሲያጠቁ አገኘ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ብቻውን እየተመላለሰ በተናቸው። በአውሮፓ ጦር ግንባር ከተዋጉ ተዋጊ አብራሪዎች የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ያገኘው እሱ ብቻ ነው። ሃዋርድ ደፋር ነበር፤ ይህ አያጠያይቅም። ግን ድፍረቱ እዚያ ቦታ ለመገኘት ነዳጅ አስፈልጎታል፤ ከግማሽ ሰዓት ውጊያ በኋላም ወደ ቤቱ የመለሰው ያው ነዳጅ ነው።

በዚያው ወር ጄኔራል ጂሚ ዱሊትል በእንግሊዝ የነበረውን የአሜሪካን 8ኛ አየር ኃይል አዛዥነት ተረከበና ሥርዓቱን ለወጠ። ቀድሞ አጃቢዎቹ ከቦምብ ጣዮቹ ጎን እንዳይለዩ ይታዘዙ ነበር። አሁን ግን የጀርመን ተዋጊ በታየበት ሁሉ፣ በሰማይም በማረፊያውም፣ ተከታትለው እንዲያጠፉት ተፈቀደላቸው። ይህ ትእዛዝ ሊሠራ የቻለው የሚያሳድድበት ትርፍ ነዳጅ ያለው ተዋጊ ስለተገኘ ነው። ስንቁ ያለቀበት አያሳድድም።

ማርች 1944 ቦምብ ጣዮቹ በተዋጊ ታጅበው በርሊን ገቡ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ማርች 6 ቀን ብቻ 69 ቦምብ ጣዮች ጠፉ። ልዩነቱ አሁን ጀርመንም የማትተካውን ነገር መክፈሏ ነው። የጀርመን ተዋጊዎች አዛዥ አዶልፍ ጋላንድ በዚያ ዓመት በአራት ወር ውስጥ ከሺህ በላይ አብራሪዎች እንደጠፉበት ለአለቆቹ አሳውቋል። ፋብሪካው አውሮፕላን ይሠራል፤ ልምድ ያለው አብራሪ ግን በፋብሪካ አይወጣም። በጁን የኖርማንዲ ወረራ ሲጀመር የጀርመን አየር ኃይል በባሕሩ ዳርቻ ሰማይ ላይ እምብዛም አልታየም። እርግጥ ሙስታንግ ብቻውን ይህን አላደረገም፤ ፒ-47 እና ፒ-38 የተባሉት ተዋጊዎችም ተጣይ ታንክ ይዘው ተዋግተዋል። እስከ ጀርመን ጥልቅ ድረስ በብዛት የዘለቀው ግን እሱ ነው፤ በጦርነቱ መጨረሻ ከ8ኛው አየር ኃይል ተዋጊ ግሩፖች ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ሙስታንግ ይበሩ ነበር።

ቀይ ጭራዎቹ

በጣሊያን ራሚቴሊ ከሚባል ማረፊያ የሚነሱት የ332ኛው ግሩፕ አብራሪዎች ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አሜሪካ ጥቁር ሰው ተዋጊ ማብረር አይችልም የምትልበት ዘመን ነው። እነዚህ ወጣቶች በአላባማ ቱስኪጊ ሠልጥነው፣ በቤንጃሚን ዴቪስ መሪነት፣ የአውሮፕላናቸውን ጭራ ቀይ ቀብተው ዘመቱ። ማርች 24 ቀን 1945 ከጣሊያን ተነስተው በርሊን ደርሰው ተመለሱ፤ ደርሶ መልሱ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ቀን ሜሰርሽሚት 262 ከሚባሉት የጀርመን ጄቶች ሦስቱን ጣሉ። አንድም ቦምብ ጣይ አላስበሉም የሚለው ተረት ትክክል አይደለም፤ ጥቂት ጠፍተውባቸዋል። ግን የጠፋባቸው ከሌሎቹ አጃቢዎች በእጅጉ ያነሰ ነው፤ እውነቱ ራሱ ለክብራቸው ይበቃል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እዚህ ጋ የሚታወስ ሰው አለ። የቱስኪጊ ተማሪ የነበረው ጆን ሮቢንሰን ትምህርት ቤቱ የበረራ ሥልጠና እንዲከፍት ሲወተውት ቆይቶ በ1935 ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ፋሺስት ጣሊያን ሲወረንም የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አየር ኃይል መርቷል። በ1936 ወደ አገሩ ሲመለስ በብዙ ሕዝብ አቀባበል ተደረገለት። ለጥቁር አብራሪዎች መንገድ ከከፈቱት አንዱ እሱ ነው። ኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን ሲያሠለጥን ኖረ፤ በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ አረፈ።

ደካማ ጎኑ

ያየነው ራዲያተር የሙስታንግ በረከትም ጠንቁም ነው። አንዲት ጥይት ሆዱ ሥር ያለውን ራዲያተር ወይም ቧንቧውን ከበሳች ፈሳሹ ይፈሳል፤ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ ይቆማል። በአየር የሚቀዘቅዘው የፒ-47 ሞተር ግን ብዙ ጥይት ችሎ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ሙስታንግ ብዙ የተጎዳው በሰማይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ምድርን ሲመታ ነው። በኮሪያ ጦርነትም የታየው ይኸው ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በተዋጋበት በዚያ ጦርነት ሙስታንግ ለምድር ጦር ድጋፍ ተሰማርቶ ብዙ ዋጋ ከፈለ።

የሰማይ መንገድም ቢሆን ምሕረት የለውም። በፓስፊክ ሙስታንጎች ከኢዎ ጂማ ደሴት ተነስተው በውቅያኖስ ላይ ለሰባትና ስምንት ሰዓት እየበረሩ ጃፓን ይደርሱ ነበር። ጁን 1 ቀን 1945 ከባድ የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ገብተው በአንድ ቀን 27ቱ ጠፉ። ያን ቀን የበላቸው ጠላት አልነበረም፤ የመንገዱ ርዝመትና የአየሩ ጠባይ ነው።

ከ15,000 በላይ ሙስታንጎች ተመርተዋል። ስለ እነሱ ስናነብ የጣሉት አውሮፕላን ቁጥር ዓይናችንን ይስባል። እኔ ግን የምመለሰው ወደ አኸን ሰማይ ነው። በኦክቶበር 1943 የቢ-17 ተሳፋሪ ያችን ከተማ ሲያልፍ በመስኮት የሚያየው የጓዶቹን ጀርባ ነበር። በ1944 ጸደይ ያችኑ ከተማ አልፎ፣ ራይንን ተሻግሮ፣ ዒላማው ደርሶ ቀና ሲል ትንንሾቹ ተዋጊዎች አሁንም ከጎኑ አሉ። ክንፉን፣ ወናፉን፣ የወረቀቱን ታንክና ያችን ወለል ላይ ያለች መቀየሪያ ሰብስቦ ያሰናዳው ይህን ነው፤ ሰው በጨለመበት መንገድ መሐል ብቻውን እንዳይቀር።